እንደ ወትሮው ነው የሠራነው

ማሽኑን የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ነው። ቡታጅራ ዳር ባለው የታሸገ ውኃ ፋብሪካችን፣ ከመስመሩ ጫፍ ላይ፣ አንድ አሮጌ ሮቦት አለ። ሌላ አገር፣ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜውን ጨርሶ፣ ቀለሙ ተላልጦ፣ በሣጥን ታሽጎ የመጣልን የብረት ክንድ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ በላስቲክ የተጠቀለለውን የውኃ እሽግ ከኮንቬየሩ ላይ ያነሣል፣ ዞር ይላል፣ የእንጨት ፓሌት ላይ ይደረድራል። ሠራተኛው «ዕውሩ» ይለዋል። ስሙ ይገባዋል፤ አያይም። እኔ በእጅ በሚያዝ የቁልፍ ሰሌዳ ነጥብ በነጥብ ያስተማርኩት ቦታ ላይ ይወርዳል፤ እዚያ እሽግ ይኑር፣ ድንጋይ ይኑር፣ ሰው ይኑር ጉዳዩ አይደለም።

ስለዚህ አጥር ነበረው። ዙሪያውን በብረት መረብ ታጥሯል፤ አንድ በር አለው፤ በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ይቋረጥና ክንዱ ባለበት ቀጥ ይላል። ቀላል ነገር ነው፣ ሊቅ አያስፈልገውም። በዚያ በር በቀን ስንትና ስንት ጊዜ የምትገባና የምትወጣ አንዲት የመስቃን ሴት ነበረች። ላስቲኩ የላላ እሽግ ተንሸራቶ ሲወድቅ ገብታ የምታነሣው እሷ ናት። ባሏ ታሞ ከተኛ ወዲህ ቤቱን የያዘችው በሁለት እጆቿ ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት እኛ ጋ፣ ከዚያ በኋላ በርበሬ ማሳዋ ላይ። የማወራው ስለ እነዚያ እጆች ነው። ሌላው ሁሉ አጃቢ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን አጥሩን አይወደውም ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር መስመሩ ይቆማል፤ መስመሩ በቆመ ቁጥር እሱ ከቢሮው መስኮት አንገቱን ያሰግጋል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ተጠርቶ ሄደና ሲመለስ ፊቱ ጠበል እንደተረጨ ሰው ያበራ ነበር። ሰበሰበን። «አሮጌ ማሽን የሚባል ነገር ቀርቷል» አለ። «ያለው አስተውሎት ያልተጨመረበት ማሽን ነው። እኛ እንጨምርበታለን።» በርበሬ ይመስል። ይህ ሰው የቢሮው ፎቶኮፒ ወረቀት ሲውጥበት እኔን የሚያስጠራ፣ እኔም ስደርስ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ የምሰካለት ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለውን ቃል እንደ ቅዳሴ ዜማ እየጎተተ አስረዳን፤ እኛም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ካላጨበጨቡ ስብሰባው አያልቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ወጣቶች ከአዲስ አበባ መጡ፤ አንድ ዝምተኛ ልጅና አለቃው የሆነች አንዲት ቀጭን መሐንዲስ። ይዘው የመጡት ሁለት ካሜራና ከሬዲዮ የማትበልጥ ጥቁር ሣጥን ነው። ልጅቷ ጨዋ ነበረች፤ ይህን ልክድ አልችልም። እኔ ግን ገና ጫማዋን ሳይ ነው የናቅኳት። ፋብሪካ ወለል ላይ የማይረገጥ ነጭ ጫማ ነበር። «ጋሼ፣ ሮቦቱን አንነካውም» አለችኝ። «አንተ ያስተማርከውን ይሠራል። እኛ ዓይን ብቻ ነው የምንሰጠው። ካሜራው ሰው ሲያይ ሣጥኑ አቁም ይለዋል፤ ሰውየው ሲወጣ ይቀጥላል። ያኔ አጥሩ አያስፈልግም።»

«ሰው መሆኑን በምን ያውቃል?» አልኳት።

«ይማራላ! ሦስት ሳምንት እናንተን እንቀርጻለን። እዚሁ ያላችሁትን ሰዎች አይቶ ነው የሚማረው። እናንተ ምንም እንዳታደርጉ፤ እንደ ወትሮው ሥሩ በቃ።»

እንደ ወትሮው ሥሩ! እንግዳ መጥቶ፣ ካሜራ ተሰቅሎ፣ ቡታጅራ ላይ እንደ ወትሮው ሥሩ ይባላል? ቤቱ እንግዳ የመጣበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ይህች ልጅ እናቷን ብትጠይቅ ትነግራት ነበር። በማግስቱ ወለሉ በሳሙና ታጠበ። ምሰሶዎቹ ቀለም ተቀቡ። የተሰባበሩት ፓሌቶች ከሕንፃው ጀርባ ተደበቁና ደህና ደህናዎቹ ብቻ ቀረቡ። ላስቲኩ የላላ እሽግ ካሜራ ፊት እንዳይወድቅ ሁለት ሰው ከኮንቬየሩ ላይ ቀድሞ ይለቅመው ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ብርቱካንማ፣ የሚያብለጨልጭ ሰደርያ ለሁሉም ሠራተኛ አስገዛ። ከዚያ በፊት ሰደርያ የሚባል ነገር በፋብሪካው በር ገብቶ አያውቅም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት እየቆጠረ ያድላል፣ ማታ ማታ እያራገፈ ይሰበስባል። ሴቶቹ ነጠላና ሻርፓቸውን በቀሚሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ነጭ ቆብ ደፉ። በዚያች የመስቃን ሴት ራስ ላይ ቆቡ ሲቀመጥ አይታ ጓደኛዋ «ወላሂ ነርስ መስለሻል» ስትላት ሁላችንም ሳቅን።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠርግ ነበር። መሐንዲሷ በላፕቶፗ ላይ ምስሎቹን እያየች «ዳታው በጣም ንጹሕ ነው፣ ይመቻችሁ!» ትለን ነበር። ንጹሕማ ይሁን እንጂ፤ ያጠብነው እኛ አይደለን? እኔ ከምሳ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጬ ለጓደኞቼ አወራላቸዋለሁ። «የሌለ ፋብሪካ እየቀረጹ ነው» እላለሁ፤ ጠረጴዛው በሳቅ ይፈርሳል። ነገሩ ገብቶኝ ነበር ማለት ነው። ከሻይ ቤቱ እስከ ልጅቷ ወንበር ድረስ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሄጄ ግን አልነገርኳትም። ለምን ብባል፣ ነጩ ጫማ ሲቆሽሽ ማየት አምሮኝ ነበር። ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ማሽን በሦስት ሳምንት አስተካክላለሁ ያለች ልጅ አንድ ቀን አንገቷን ስትደፋ ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ቀረጻው እንዳለቀ ወልቂጤ አዳራሽ ውስጥ የምክክር መድረክ ተዘጋጀ፤ ሥራ አስኪያጁ ሥራውን እንዲያቀርብ ተጋበዘ፣ እኔም «ባለሙያ» ተብዬ አብሬ ሄድኩ። በፋብሪካው መኪና በቸሃ በኩል አቋርጠን ስንሄድ መንገዱን ሁሉ ንግግሩን እየተለማመደ ሾፌሩንና እኔን አደነቆረን። አዳራሹ ሞልቷል። ቪዲዮው ታየ፤ የታጠበ ወለል፣ ብርቱካንማ ሰደርያ፣ ነጭ ቆብ። እኔ ራሴ የት አገር ነው ብዬ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ። አንድ ኃላፊ ተነሥተው ማሽኑ ቢናደድ ምን ዋስትና አለን ብለው ጠየቁ። ሌላው ዘርፈ ብዙ ፋይዳውን ካብራሩ በኋላ ጥያቄ እንደሌላቸው ገለጹ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ በሁሉም ላይ ስስቅ ነበር፤ በሆዴ።

ከዚያ ከኋላ መደዳ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር እጁን አወጣ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «አንድ ጥያቄ ብቻ» አለ። «በቀረጻው ጊዜ ሰዎቹ ዘወትር እንደሚሠሩት ነው የሠሩት? ዘወትር የሚለብሱትን ነው የለበሱት? ማሽኑ ያላየውን ስለማያውቅ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ባለሙያችን ይመልስ» አለና ማይክሮፎኑን አቀበለኝ።

ማይክሮፎኑ ይሞቃል፤ በእጁ አልቦት ነበር። አዳራሹ ሁሉ እኔን ያያል። እውነቱን ብናገር አለቃዬን በባለሥልጣን ፊት፣ በሰው አገር አዳራሽ፣ ራቁቱን ማስቀረቴ ነው። እንጀራዬን ፈርቼ ነበር ብል ደስ ባለኝ፣ እሱ እንኳ ያስተዛዝናል። የያዘኝ ግን ይሉኝታ ነበር፤ እንግዳ ፊት የቤትን ገመና አይዘረግፉም ብሎ ያሳደገኝ ያው አመል። ተነሣሁ። «እንደ ወትሮው ነው የሠራነው» አልኩ። መምህሩ አመስግኖ ተቀመጠ። ተጨበጨበ። ምሳ ክትፎ ነበር፤ ለብ ለብ አስደርጌ በላሁ፣ ቆጮውንም ደገምኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት አጥሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። በግራይንደር ቆረጥኩት። የበሩ ሽቦ ተቋርጦ ማሽኑ አልነሣም እንዳይል ሁለቱን ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኘኋቸው፤ አንድ ጣት የማታክል ሽቦ ናት። ምርቃቱ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ሰደርያውን ለብሶ ወደ ክንዱ ተጠጋ፤ ክንዱ አየር ላይ ቀጥ አለ። እጁን አውለበለበለት። ወደ ኋላ ሲል ክንዱ ቀጠለ። ሰው ሁሉ እልልታውን አቀለጠው። መሐንዲሷ ፎቶ ተነሥታ፣ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ፣ «ጋሼ፣ የሆነ ነገር ግራ ካጋባህ በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ» ብላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች።

ሦስት ቀን አልቆየም፣ ማሽኑ ያለ ምክንያት መቆም ጀመረ። ማንም አጠገቡ የለም፤ እሽጉን አንጠልጥሎ ይገተራል። ተጠራሁ። ስክሪኑን ስከፍት ካሜራው የሚያየው ይታያል፤ ሰው ያለበት ላይ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ያደርግና «ሰው» ብሎ ይጽፍበታል። አጠገቤ ባለው ምሰሶ ላይ አንድ ሚስማር አለ። ሚስማሩ ላይ አንዱ ሠራተኛ ሞቆት ያወለቀው ሰደርያ ተሰቅሏል። አራት ማዕዘኑ ያረፈው ሰደርያው ላይ ነው። «ሰው።» ያ ሁሉ አስተውሎት ለተሰቀለ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

በሳቅ ፈነዳሁ። ከዚያ ሳቄ መሐል ላይ ቆመ፤ ስክሪኑ ላይ ራሴን አየሁ። ከሰደርያው አጠገብ፣ በዚያች ሰማያዊ ቱታዬ፣ ሙሉ ሰውዬ ቆሜአለሁ። እኔ ላይ ምንም ምልክት የለም።

አልገባኝም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ያኔውኑ ገብቶኛል። ይህ ማሽን የተማረው ሰደርያ ነው፣ ሰው አልተማረም። የልጅቷ ስልክ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ነበር። ብደውልላት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ዘወትር ሰደርያ አትለብሱም ወይ ብላ ነው። ከዚያ ወልቂጤ ላይ የተናገርኩት ይመጣል። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ ግማሹን ብቻ ነገርኩት፤ ሰደርያ ተሰቅሎ ነው ያቆመው አልኩት። እሱም ወዲያው መፍትሔ ሰጠ፤ መፍትሔ ለመስጠት ማንም አይቀድመውም። «ሰደርያዎቹ ይሰብሰቡ! ሁሉም ግምጃ ቤት ይቆለፉ፤ እንግዳ ሲመጣ ይወጣሉ።» የግምጃ ቤቱ ኃላፊም ደስ አለው፤ ልብሱ ከመቆሸሽ ተረፈለታ። ከሰዓት በፊት ሁሉም ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ፣ ተቆለፈበት። ማሽኑም መቆሙን ተወ።

ለእሷ ግን አንድ ነገር ብያታለሁ። ሄጄ «እህቴ፣ ስትገቢ ጠንቀቅ በይ» አልኳት።

ጥቁር ሻርፗን ተከናንባ፣ የዱሮ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። «ያየኛል አላላችሁም እንዴ ጋሼ?» አለች እየሳቀች። «ከባሌ የተሻለ ያየኛል ብዬ ነበር።»

እኔም ሳቅኩና ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ያቺን አጭር ሽቦ ነቅዬ ማሽኑን መግደል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የሆነው በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ ነው። ሁለት እሽግ ተከታትሎ ወደቀ። አንዱን አነሣች፤ ሁለተኛው ፓሌቱ ጠርዝ ላይ ዘንበል ብሎ ስለነበር ልታቃናው ቀኝ እጇን ሰደደች። ክንዱ እኔ ያስተማርኩት ነጥብ ላይ፣ በሰዓቱ፣ አንዲት ሚሊሜትር ሳይስት ወረደ። እኔ ከመስመሩ ማዶ ነበርኩ። ጩኸቷን ሰምቼ ቀዩን ቁልፍ እስክመታ ስንት እርምጃ እንደሮጥኩ አላውቅም። ክንዱን በእጅ ስናነሣው እሷ መጮኋን ትታ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ብቻ ትል ነበር። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ሻርፗን እጇ ላይ ጠቅልዬ፣ እጇን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ያ ባጃጅ ጉድጓድ በነካ ቁጥር ሹፌሩን እየተሳደብኩ ደረስን። ሦስት ጣቶቿ አልተረፉም።

መሐንዲሷ በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ መጣች። የአደጋውን ቪዲዮ ከፍታ ደጋግማ አየችው፤ አረንጓዴ አራት ማዕዘን አልነበረበትም። ጫማዋ ቆሽሾ ነበር፤ እንዳማረኝ ማለት ነው። «ጋሼ» አለችኝ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ «ሁሌ እንዲህ ነው የምትለብሰው? ለምን አልነገራችሁኝም?» እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ «አንቺ መቼ ጠየቅሽን?» አልኳት። ይህን ነው የመለስኩላት። ሣጥኑንና ካሜራዎቹን ነቅላ ሄደች። አጥሩ ተመልሶ ተበየደ፤ የበየድኩትም እኔ ነኝ፣ ከበፊቱ አሳምሬ። ሥራ አስኪያጁ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው አደጋው የደረሰው በሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት ነው አለ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበር፤ ይህን ስሰማ እንኳ ጥቂት ስቄያለሁ።

ከወር በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብላ ነው የምትኖረው፤ ስኳርና ዘይት ይዤ በባጃጅ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ተጓዝኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ጥፋቱ የነዚያ የአዲስ አበባ ልጆች ነው፣ የሥራ አስኪያጁ ነው፣ የቴክኖሎጂው ነው። ብዙ ጥሩ ጥሩ ስድቦች ነበሩኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋላችሁ» ብዬ ገባሁ። ባሏ ከተኛበት ቀና ብሎ በእጅ ምልክት ሰላም አለኝ። እሷ በግራ እጇ በርጩማ አቀረበችልኝ። ቀኙን በሻርፕ ሸፍናዋለች።

«ጌታ ነው የላከህ» አለች። «ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ሰው ስፈልግ ነበር። እኔ እንደምታየው ነኝ። ፋብሪካው ቢሮ ያለው ሰውዬ፣ ማመልከቻ ካስገባሽ በሌላ ቦታ ሥራ እንመልስሻለን፣ ግን እንዲህ ብለሽ ጻፊ ብሎኛል።» ወረቀትና እስክሪብቶ ከትራስ ሥር አወጣች።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። የፋብሪካውን ስም፣ ጉዳዩ፣ ቀኑን ጻፍኩ። እሷ እያሰበች ቀስ ብላ ታስጽፈኛለች። «እኔ አመልካች… በሥራ ላይ እያለሁ… በራሴ የጥንቃቄ ጉድለት…»

እስክሪብቶውን አነሣሁ። «እህቴ፣ ይህ እኮ ውሸት ነው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለበትም። «ወልቂጤ ላይ ጠይቀውህ ምን እንዳልክም ሾፌሩ ነግሮኛል። አብሽር ጋሼ፣ ልወቅስህ አይደለም። ሥራው ያስፈልገኛል። ጻፍልኝ።»

በመንገድ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ባሏ ከአልጋው ሆኖ ያየኝ ነበር።

ጻፍኩት። «በራሴ የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን ጻፍኩ፤ «ለተፈጠረው ችግር ድርጅቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚለውንም ጻፍኩ። መስመሬ አልተጣመመም፤ ሃያ ዓመት ሪፖርት የጻፈ እጅ ነው። ስጨርስ አነበብኩላት። በግራ አውራ ጣቷ ፈረመችና፣ ጽሑፌን ጠጋ ብላ አይታ፣ «አቤት ሲያምር» አለችኝ።